ከድሬዳዋ ሐረር በሩጫ፦ ሁለት ልጆች፣ አማት እና የጅቡቲ መስመር አሽከርካሪ የሆነ ባል

የሳቢያኗ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። በጥር ወር ከድሬዳዋ ተነስቼ ሐረር በሩጫ መግባት እፈልጋለሁ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ከማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚያልፍ ርቀት ሁሉ አልትራ ማራቶን ስለሚባል የእኔም በትንሹ እዚያ ውስጥ ይገባል። ውድድር አይደለም፤ ሜዳሊያም የለውም። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ያሰብነው ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ እሮጣለሁ፤ ግማሽ ማራቶንም ያለ ችግር እጨርሳለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። አንዴ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ እሱም በእርግጠኝነት አያውቅም። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉን። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸውና ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉልኝ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ትንሿን እየተከተሉ መዋል አይችሉም። ማለዳ ወጥቼ እስከ ረፋድ ብቆይ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማውቅ ነው የምጠይቃችሁ። ልጆች ያላችሁ ለረጅሙ ሩጫ ጊዜ ከየት አመጣችሁ? በመንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ለመልመድስ በየሳምንቱ መውጣት ግድ ነው? ለአማቴስ እንዴት ላስረዳቸው? «ልጅ ወልደሽ ምን ያስሮጥሻል» አሉኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በዕድሜያቸው ያላዩት ነገር ሆኖባቸው ነው።

ደቻቱ ማዶ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔም የሦስት ልጆች አባት ስለሆንኩ ጥያቄሽ በደንብ ገብቶኛል።

ለ50 ኪሎ ሜትር ለመዘጋጀት በልምምድ 50 ኪሎ ሜትር መሮጥ አያስፈልግም። በአንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመሮጥ ይልቅ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እሁድ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ብትሮጪ ይሻላል። እሁድ ስትነሺ ቅዳሜ የደከመው እግር ገና አላገገመም፤ ወደ ሐረር ስትቃረቢ፣ ከሐሮማያ በኋላ የሚጠብቅሽን ድካም ቀድመሽ የምትለማመጂው በዚህ ነው። ቤትሽም ሙሉ ቀን አያጣሽም። ቅዳሴ የምትሄጂ ከሆነ የእሁዱን ወደ አመሻሽ አዙሪው። በሥራ ቀናት ከ40 እስከ 50 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የሚፈጀውን እውነተኛ ረጅም ሩጫ ከጥር በፊት ሁለት ጊዜ ካገኘሽ በእኔ ግምት በቂ ነው። ፍጥነትን እርሺው። አጠገብሽ ካለችው ጓደኛሽ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገርሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።

የድሬን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። ጥቅምት ላይም ቢሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚሮጥ ሰው የሚያተርፈው ድካም ብቻ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ውጪና ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዙሪ፤ መንገዱ ቀጥ ያለና ዛፍ ያለው ነው፣ ለገሐር አካባቢም ሰው አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙዎቻችን ለባትና ለቁርጭምጭሚት እያልን በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንሮጣለን። በበጋ መልካም ነው። ሰማዩ በደንገጎ በኩል ከጠቆረ ግን ወደ ወንዙ አትውረጂ። ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዶብናል። ያንን ሌሊት ያየ የድሬ ሰው ይህን ምክር አይንቅም።

የገንደቆሬ ልጅ

ልቃወምሽ ብዬ ሳይሆን አስቤበት ነው የምጽፈው። መምህርት ነሽ፣ ባለቤትሽ መንገድ ላይ ነው፣ ልጆችሽ ገና ትንንሾች ናቸው። በሌሊት ጨለማ ወጥተሽ አንድ ነገር ብትሆኚ ለእነዚያ ልጆች ማን አለላቸው? ሩጫው የትም አይሄድም። ከፍ እስኪሉ ብትጠብቂ ምን ይጎድልብሻል? አማትሽ የጠየቁሽም ይህንኑ ይመስለኛል።

የሳቢያኗ መምህርት

ወንድሜ፣ ስጋትህን አከብራለሁ፤ ብቻዬን በጨለማ እንደማልወጣም ቃል እገባልሃለሁ። የሚጎድልብኝን ግን ልንገርህ። ስድሳ ተማሪ ካለበት ክፍል ወጥቼ ቤት ስገባ ልጆቼ የሚነግሩኝን በእርጋታ የምሰማው የሮጥኩ ቀን ነው። ያልሮጥኩ ቀን በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፤ ልጄም ይህን ስለሚያውቅ «ዛሬ ሮጠሻል?» ብሎ ይጠይቀኛል። አሥር ዓመት ልጠብቅ ብል የሚጠብቁኝ አሥር ዓመታት እንዲህ ያሉ ምሽቶች ናቸው። የምጠይቀው ልሩጥ አልሩጥ ብዬ አይደለም። በማንም ጫንቃ ላይ ሳልወድቅ እንዴት ልሩጥ ነው ጥያቄዬ።

የሯጭ ባል

እኔ አልሮጥም፤ ባለቤቴ ግን ትሮጣለች። ስለዚህ ከቤት ከሚቀረው ሰው ወገን ሆኜ ልጻፍ።

መጀመሪያ ላይ የሚከብደኝ መውጣቷ ሳይሆን መቼ እንደምትገባ አለማወቄ ነበር። «ትንሽ ሮጬ መጣሁ» ትላለች፤ ልጆቹ ተነስተው ቁርስ ይላሉ፣ ሻዩ ይፈላል፣ እሷ የለችም። አሁን ማታውኑ የምትገባበትን ሰዓት ትነግረኛለች፤ ሰዓቱም ሲደርስ ያላለቀ ኪሎ ሜትር ቢኖራትም ትመለሳለች። ይህ ብቻ ቤታችንን ለውጦታል። ለአማትሽም ከምንም ማብራሪያ በላይ የሚያስረዳቸው ያልሽው ሰዓት ላይ በሩን ከፍተሽ መግባትሽ ይመስለኛል።

ሌላው፣ ቅዳሜን ለሁለት ከፍለነዋል። ጠዋቱ የእሷ፣ ከሰዓት በኋላው የእኔ ነው። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ለጫት በርጫ ስቀመጥ ማንም «ልጆችህስ?» ብሎኝ አያውቅም። የድሬ ወንዶች ይህን በሐቀኝነት እናስበው፤ ከምሳ እስከ ማታ ተቀምጠን የምናሳልፈው ጊዜ ደንገጎን ወጥቶ ለመመለስ ይተርፋል። እናት ለሁለት ሰዓት ስትወጣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃል።

ባለቤትሽ የመንገድ ሰው ስለሆነ በቋሚ ፕሮግራም አትያዢ። ከጅቡቲ ሲመለስ የመጀመሪያውን ቀን ይተኛ፤ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ ሰውየው ደክሟል። ሁለተኛውን ቀን ግን ልጆቹን ይያዝና ያ ረጅሙ የሩጫ ቀንሽ ይሁን፤ ማክሰኞም ቢሆን፣ ከሥራ በኋላም ቢሆን። እሱ በሌለበት ሳምንት አጫጭሮቹን ብቻ ሩጪ። አንድ ሳምንት ረጅም ሩጫ ስላመለጠሽ ሐረር አይርቅሽም።

የባቢሌ ለውዝ

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ድሬ 1,200። ለምን ከሐረር ተነስታችሁ ወደ ድሬ አትወርዱም? ቁልቁለቱ ያግዛችሁ ነበር።

ዘጁጎል

ወንድሜ፣ ይህ ሐሳብ መጀመሪያ ለሁሉም ሰው ይመጣል፤ እኔ ግን በብርቱ እቃወመዋለሁ። ከሐረር ሌሊት 10 ሰዓት ብትነሳ ደንገጎ አፋፍ ላይ የምትደርሰው ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል የምትወርደው በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሙቀቱ እየጨመረ፣ 30 ኪሎ ሜትር የሮጠ እግር ይዘህ ነው። ቁልቁለት ደግሞ ሳንባን ያሳርፍ እንጂ ጭንን ይቀጣል። የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ ውስጡ ይጎዳል፤ ሕመሙም በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። እናት ደግሞ በማግሥቱ የአራት ዓመት ልጅ ታነሳለች።

ከድሬ መነሳት ግን ሁሉን ነገር ያቃናል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲነሱ ዳገቱን የሚይዙት በቀኑ ቀዝቃዛ ሰዓት ነው። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይጠብቃችኋል፤ አትሩጡት፣ ተራመዱት። በዓለም ትልልቅ የአልትራ ውድድሮች ላይም አብዛኛው ተወዳዳሪ ዳገትን በእግር ጉዞ ነው የሚወጣው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ አፋፉ ላይ ትደርሳላችሁ። መገንጠያው ላይ የቁልቢውን መንገድ ወደ ቀኝ ትታችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ አዴሌ፣ ሐሮማያ፣ አወዳይ እያላችሁ በደጋ አየር ወደ ሐረር ትገባላችሁ። ሐሮማያ ስትደርሱ ሐይቁን እዩት። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ያየን ሰዎች ዛሬ ውሃ ይዞ ስናየው ድካማችንን እንረሳለን።

በየሳምንቱ ደንገጎ አያስፈልግሽም እህቴ። በየሁለት ሳምንቱ እስከቻልሽበት ወጥተሽ በሚኒባስ ውረጂ። ጭንሽም ጊዜሽም ይተርፋል።

የማስጠነቅቅሽ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጫት የጫኑት አይሱዙዎች ናቸው፤ ጫቱ ሳይጠወልግ ለማድረስ ስለሚጣደፉ መታጠፊያ ላይ መሐሉን ይይዛሉ። በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣ በምታዪበት በኩል ሩጪ። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት የሚያንጸባርቅ ሰደሪያ ድሬ ታይዋን ገበያ አይጠፋም። ሁለተኛው ጅብ ነው። ሐረር ከጅብ ጋር አብረን ስለኖርን አንሸበርም፤ ነገር ግን ሌሊት በዚያ ዳገት ላይ ሦስት ሴቶች ያለ አጃቢ መኪና መውጣት የለባችሁም። እኔ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የምሮጠው ለዚሁ ጭምር ነው፤ ከመስጊድ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሕያው ያደርገዋል።

ነርስ ከሐረር

ደንገጎ ላይ ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ሰውነት ልጨምር።

ድሬ ውስጥ የምሰማው ምክር «ውሃ ጠጡ፣ ውሃ ጠጡ» የሚል ነው። ለአንድ ሰዓት ሩጫ ችግር የለውም። ለስምንት ሰዓት ግን ባዶ ውሃ ያለ ልክ መጠጣት አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ሰዎች ውሃ ያነሰው መስሏቸው ሌላ ውሃ ያጠጡታል፤ ይህ ሰውን ይገድላል። ሲጠማሽ ጠጪ። ከረጅም ልምምድ በፊትና በኋላ ራስሽን መዝኚ፤ ክብደት ጨምረሽ ከተመለስሽ ከሚገባው በላይ ጠጥተሻል። ፋርማሲ የሚሸጠው ኦአርኤስ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል፤ ውስጡ ጨውም ስኳርም ስላለ ለዚህ መንገድ ከብዙ ውድ መጠጦች አያንስም።

በምግብ በኩል በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ቴምርም ከከፊራ ገበያ ግዢና በኪስሽ ያዢ። በሶ በማር ቀጠን ብሎ ተበጥብጦ፣ ትንሽ ጨው ገብቶበት በጠርሙስ ሲያዝ ሆድ አይከብድም። ነገር ግን የትኛውንም ለመጀመሪያ ጊዜ በዕለቱ አትሞክሪ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆድሽን አስለምጂው።

እግር ሲያም አይቡፕሮፊን ወይም ዲክሎፌናክ ውጠው የሚሮጡ አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ላብ ባደረቀው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል። ከሩጫ በኋላ ሽንትሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ ደግሞ ነገ ይሻለኛል ሳትዪ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ለሴቶች ደግሞ ብረት አለ። በወር አበባም በረጅም ሩጫም ይቀንሳል። እንቅልፍ ጠግበሽም ድካሙ ካልለቀቀሽ፣ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታ ከሆነ ደምሽን ተመርመሪ። ቡናና ሻይን ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ብረቱ እንዳይገባ ያግዳሉ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆዩ።

የጥር ሩጫ ከሆነ ከባዱ ልምምድሽ የሚውለው ከኅዳር 15 ጀምሮ በገና ጾም ውስጥ ነው። የምትጾሚ ከሆነ አትፍሪው። ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ ይዘሻል። ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይጾም ረጅሞቹን ሩጫዎች አይነካቸውም። የሥራ ቀኖቹን አጫጭር ሩጫዎች ግን ከበላሽ በኋላ ወደ ማታ አዙሪያቸው።

የቁልቢ መንገደኛ

ልጄ፣ እኔ ሯጭ አይደለሁም፤ ዕድሜዬም ሄዷል። ስለ አማትሽ የጻፍሽው ግን ልቤን ነክቶት ነው የምጽፈው። የድሬ ሰው ከሆኑ ለገብርኤል ንግሥ ቁልቢ በእግራቸው ሳይወጡ አይቀሩም። በእኛ ጊዜ ታህሳስ 19 ሲቃረብ ሌሊቱን ሙሉ ደንገጎ ላይ የሰው ጅረት ነበር፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ድንጋይ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለች እናት። «ምን ያስሮጥሻል» ያሉሽ እናት ያንን ዳገት ከአንቺ ቀድመው ያውቁታል። ጠይቂያቸው። ደግሞም ዘንድሮ ታህሳስ 19 አንቺም በእግርሽ ብትሄጂ መንገዱ በሰው የተሞላ ነው፤ ለጥር ወሩ ሩጫም ልምምድ ይሆንሻል።

ደቻቱ ማዶ

አባቴ፣ ምክርዎ ግሩም ነው። ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት በእግር መጓዝ ለአልትራ ሯጭ ትልቅ ልምምድ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም እሱን ነው።

ለእህታችን አንድ ነገር ልጨምርላት። በደቡብ አፍሪካ ደርባንና ፒተርማሪትዝበርግ መካከል የሚካሄደው ኮምሬድስ የ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሩጫ ነው፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜ 12 ሰዓት ሲሆን ብዙ እናቶችና አባቶች በዚያ ገደብ ውስጥ እየተራመዱም እየሮጡም ይጨርሱታል። እኛ ስማችን በማራቶን ቢገንንም በዚህ ርቀት ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ ከተማ ነጋሳ በ2021 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትርን በ2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሮጦ በጊዜው የዓለም ፈጣኑ ሰዓት አድርጎታል፤ በዓመቱ ነው ደቡብ አፍሪካዊው ስቴፈን ሞኮካ ያሻሻለው። የእሱ ፍጥነት ለእኛ አይደለም፤ ርቀቱ ግን ያው የአንቺ ርቀት ነው።

የሳቢያኗ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቁልቢው አባታችን ያሉኝን አደረግኩ። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና አፍልቼ አማቴን «እማማ፣ ቁልቢ በእግርዎ ሄደው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲኒው በእጃቸው እንዳለ ቀዘቀዘ። ባለቤቴን አዝለው ደንገጎን ወጥተዋል። ጫማቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በሶ በአገልግል ይዘው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ እሱ አንድ ጊዜም አላለቀሰም አሉኝ። የት ላይ ዳገቱ እንደሚያታልል፣ የት አረፍ እንደሚባል አንድ በአንድ ነገሩኝ።

በታህሳስ 19 ልሂድና ልምምዴም ይሁነኝ ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ስለት ካለብሽ ሂጂ፤ እኔም አብሬሽ በመኪና እመጣለሁ። ለእግርሽ ከሆነ ግን በሌላ ቀን ሂጂ» አሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ ትቼዋለሁ። አባቴ፣ ቅር እንዳይልዎት።

ከዚያ ስለ ሰዓቱ ተነጋገርን። የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ትንሿን ትይዝልኛለች፤ እከፍላታለሁ። ቁርስ ማታውኑ አዘጋጃለሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እቤት እገኛለሁ፤ ይህ የእሳቸው ቃል ነው፣ እኔም ተቀብየዋለሁ። ለባለቤቴም ደውዬ የሯጭ ባል የጻፈውን አነበብኩለት። «ሁለተኛው ቀን ያንቺ ነው» ብሏል፤ ለጥር ወሩ ሩጫ ቀን ደግሞ ፈቃድ ወስዶ በአነስተኛ መኪና ከኋላችን ሊያጅበን አስቧል። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ውሃ ነው። መኪናው በየስንት ኪሎ ሜትር ይቁምልን?

የገንደቆሬ ልጅ

እንዲህ ከሆነ ደስ ብሎኛል። የእኔ ጭንቀት ሌሊቱ ነበር፤ መኪና ካለ ተፈታ። ዳገቱን እስክትጨርሱ ድረስ የሚያጅብ ሁለተኛ ሰው ካስፈለጋችሁ ሞተር ብስክሌት አለኝ።

ዘጁጎል

እግዜር ይስጥልን ወንድሜ፤ ያስፈልጋል። ሞተሩ ከኋላ መብራት አብርቶ ቢሄድ አሽከርካሪ ከሩቅ ያያችኋል።

ውሃውን በተመለከተ ዳገቱ ላይ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ይበቃል፤ መኪናው የሚቆመው ግን መታጠፊያ ላይ ሳይሆን ሰፋ ያለ ጠርዝ ባለበት ነው። ከደንገጎ በኋላ ፀሐይ ስለሚበረታ በየሦስት ኪሎ ሜትሩ ይሁን። አዴሌ ላይ ካልሲ ቀይሩ፤ እርጥብ ካልሲ እግርን ያቆስላል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከሐረር መጥተን ሐሮማያ ላይ እንቀበላችኋለን፤ ሙዝና ኦአርኤስ በእኛ በኩል ነው። ከዚያ እስከ ሐረር አብረን እንሮጣለን፤ አወዳይ ገበያ ውስጥ ሰውና መኪና ስለሚበዛ እዚያ እንራመዳለን።

ደቻቱ ማዶ

በዚህ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ለገሐር ፊት ለፊት እንገናኝ። ባልደረቦችሽንም ይዘሽ ነይ። ከዚራን ዞረን ወደ ደንገጎ መውጫ ድረስ እንሄድና እንመለሳለን፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሳቢያን ትገቢያለሽ። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ያላችሁ ያዙ፤ ለሌላችሁ እኔ ሁለት ትርፍ አለኝ።